አለቃ ፈንታ የቃላትን ዘር ሲቆጥር

የአለቃ ፈንታን ሞት የሰማሁት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ስለ ጤፍ ዋጋ የተጻፈ ዜና ሳርም ነው። ወሬውን ያመጣልኝ ከደብረ ማርቆስ የመጣ አስተማሪ ወዳጄ ነበር። ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው እንደተገኘ፣ ካህናቱ ቅኔ እንደተቀኙለት፣ በሕይወት ታሪኩም «እንግሊዝኛን ወደ ጎጃም ያስገቡ፣ በጠላት ዘመን በእንግሊዝኛቸው የአርበኛ ነፍስ ያዳኑ» ተብሎ እንደተነበበ ነገረኝ።

«አንተ ተማሪያቸው አልነበርክም?» አለኝ።

«ነበርኩ።»

«እንግዲያው ጋዜጣው ላይ አንድ ነገር ጻፍላቸው እንጂ።»

እጽፋለሁ አልኩት። ሙት አይወቀስም የሚሉ ሰዎች አሉ። የእኔ ሙያ ግን ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብሎ መጻፍ ነው። የሞተ ሰውም ከዚህ ደንብ አይወጣም። ሰውየውን «እሳቸው» ሳይሆን «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ። ምክንያቱን አንባቢ እያነበበ ይደርስበታል።

ጣሊያን ማርቆስን ከያዘ በኋላ እኔ ቅኔ እማርበት የነበረው የደብረ ኤልያስ ጉባኤ ተበተነ። ተማሪው ከፊሉ ወደ ወላጆቹ ተመለሰ፣ ከፊሉ ሸፈተ። እኔ ከይጁቤ በታች ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ከመሸጉት ከፊታውራሪ ውበቱ ጭፍራ ገባሁ። ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖኝ ነበር። አለቃ ፈንታን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ረዥም፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ነበር። ጥምጥሙ በዚያ ሁሉ አቧራና ጭስ መካከል አይቆሽሽም። ድምፁ ያማረ ነው፤ ይህን ማንም አይነፍገውም። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ በአንድ የመኳንንት ቤት ጸሎት አድራሽ ሆኖ ኖሯል። እዚያ የሚሠራ አንድ ጸሐፊ የእንግሊዝን ፊደል አስቆጥሮታል። ጦርነቱ ሲመጣ የመኳንንቱ ቤት ተዘረፈ፤ እሱም አንድ መጽሐፍ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

መጽሐፉ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው። በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ከግማሹ በኋላ ተገንጥሏል። የተረፈው ክፍል ቃላት እንዴት እንደሚበጁ፣ በስንት ወገን እንደሚከፈሉ የሚናገረው ነው። ቃላት ተጋጥመው እንዴት ንግግር እንደሚሆኑ የሚናገረው ክፍል የለም። አለቃ ፈንታ ይህ ጎደለኝ ሲል አንድም ቀን አልሰማሁም።

ፊታውራሪ ውበቱ ያልተማሩ፣ አስተዋይ ሰው ነበሩ። «ንጉሡ ያሉት እንግሊዝ አገር ነው። እርዳታ ከመጣም የሚመጣው ከዚያ ነው። ያን ቀን አፍ ያስፈልገናል» አሉ። አለቃ ፈንታም የጭፍራው አፍ ሆኖ ተሾመ። እኛ የተቆላ ባቄላ ስንቆረጥም እሱ ነጭ ጤፍ ይበላል፤ ማር የቆረጠ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ለእሱ ያደርሳል። ዘብ አይቆምም፣ እንጨት አይለቅምም። አውሮፕላን ሲመጣ «መጽሐፉን አስቀድሙ» ይባላል። መጽሐፉን የያዘው እሱ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ዋሻ የሚገባው እሱ ነው። የቆሰሉት ከኋላ ይመጣሉ።

ጠዋት ጠዋት ከሾላ ዛፍ ሥር ያስተምረናል። ተማሪዎቹ ከየጉባኤው የተበተንን ጥቂት የቅኔ ተማሪዎች ነን። የሚያስተምረን ልክ የግእዝ ግስ እንደሚወርደው ነው። አንድ ዘር ቃል ያነሣል፤ እኛ ቤተ ዘመዱን በዜማ እናወርዳለን። በእጁ ጭራ አለ። ጭራውን ወደ ላይ ሲያነሣ ከቃሉ ፊት የሚገባውን ባዕድ እንጨምራለን፣ ወደ ታች ሲያወርድ ከኋላ የሚቀጠለውን።

«ካይንድ» ይላል።

ጭራው ይነሣል። «አንካይንድ» እንላለን።

ጭራው ይወርዳል። «ካይንድነስ።»

ላይ ታች ይወዛወዛል። «አንካይንድነስ።»

ስምን ከግስ፣ ቅጽልን ከስም እያስለየ ቀኑን ያጋምሳል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ ተማሪ «መጀመሪያ ዘሩን ጠይቅ፣ ትርጉሙ የትም አይሄድብህም» ይባላል። በእንግሊዝኛ «ውሃ ስጠኝ» ማለት ግን የሚችል ከመካከላችን አልነበረም። እሱም ቢጠማው በአማርኛ ነው የሚጠይቀው።

ካስተማረን ውስጥ ብዙው ትክክል ነበር። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስገባ የቃላትን ወገን ለመለየት ከማንም አላነስኩም። ይህን ያገኘሁት ከእሱ ስለሆነ አልክድም። ይሁንና የሞፈርና የቀንበሩን፣ የእርፉንና የድግሩን ስም ያለ ስሕተት እየጠራ አንድ ትልም ያላወጣን ሰው አገሬ ገበሬ አይለውም።

የሚኮራበት ትምህርቱ የቃላት ዘር ቆጠራ ነው። መጽሐፉ የእንግሊዝ ቃላት ከፊሎቹ የአገሩ ተወላጆች፣ ከፊሎቹ ከሮማውያን ከላቲን የመጡ መሆናቸውን ይናገራል። አለቃ ፈንታ ይህን ሲያገኝ የልቡን አገኘ።

«ቃል እንደ ሰው ነው» ይለን ነበር። «ጨዋ አለ፣ ባላገር አለ። ረዣዥሙ ጨዋ ነው፤ ከሮም ነው የመጣው። አጫጭሩ ባላገር ነው፤ የእረኛ፣ የወታደር አፍ ነው። ባላገሩን ከእኔ አትማሩም። ከሜዳ ልቀሙት።»

እኛም ጨዋ ጨዋውን ብቻ ተማርን።

ታደለ የሚባል ሸማኔ ከጭፍራው ጋር ነበረ። የሸማኔ ልጅ ነው፣ ራሱም ሸማኔ። የምንለብሰውን ጋቢና ኩታ የሚሠራልን እሱ ነው። እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ ከሾላው አጠገብ ቆፍሮ እየሠራ ትምህርታችንን ይሰማል። አገራችን ለሸማኔ ያላትን ንቀት የማያውቅ የለም። ያም ሆኖ ጦር ሜዳ ላይ ይህን የሚያነሣ ጥቂት ነበር። ከጥቂቶቹ አንዱ አለቃ ፈንታ ነው።

አንድ ጠዋት ታደለ መወርወሪያውን ያዝ አድርጎ ቀና አለ።

«አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ሥራህን ሥራ።»

«እየሠራሁ ነው። ጨዋው ቃል ከሮም የመጣው ነው አሉ?»

«ነው።»

«እንግዲያው ባላገሮቹ ቃላት አርበኞቹ ናቸዋ።»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በዚያ ሲያልፉ የነበሩት ፊታውራሪም ሳቁ፤ «እውነቱን ነው፣ አለቃ» ብለው አለፉ። አለቃ ፈንታ አልሳቀም። ከሰዓት በኋላ የታደለ ጉድጓድ ከሾላው ርቆ እንዲቆፈር አደረገ። «የመወርወሪያው ድምፅ ትምህርት ያሰናክላል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ያ የሸማኔ ልጅ» ብሎ ካልሆነ በሌላ ሲጠራው አልሰማሁም።

ፊታውራሪ ግን ታደለን ዐይናቸው ውስጥ አስገቡት። «ሸማኔን የሚጠረጥር ጣሊያን የለም» አሉ። ሸማ ሻጭ መስሎ ማርቆስ እንዲገባ፣ ቆይቶም ባንዳ ሆኖ እንዲቀጠር አዘዙት። ሥራው ጦር ሲወጣ ለእኛ ማስታወቅ ነው። ምሥጢሩን የምናውቀው ፊታውራሪ፣ እናቱ እናኑ፣ አለቃ ፈንታና እኔን ጨምሮ ጥቂት ሰዎች ነን።

የተሰናበተ ዕለት ፊታውራሪ እንዲህ አሉት። «ልብሳቸውን ለብሰህ እንገናኛለን። የእኔ ሰው አይነካህም። እንግሊዝ ከመጣ ደግሞ አለቃ ይነግሩልሃል። አይደለም እንዴ አለቃ?»

«በሚገባ» አለ አለቃ ፈንታ።

ታደለ እጅ ነሥቶት ሄደ። ገና ከዐይን ሳይርቅ አለቃ ወደ ፊታውራሪ ጠጋ ብሎ፣ «ጥሩ መርጠዋል። ቢሞትም ትምህርት አይጎድልም» አለ። ፊታውራሪ ያልሰሙ መሰሉ። እኔ ሰምቻለሁ።

ታደለ ከገባ ወዲህ ጣሊያን ወደ ቆላው በወረደ ቁጥር የሚያገኘው ባዶ ሰፈር ነው። ቀድመን እናውቃለና። በዚያ ሰው ምክንያት በሕይወት የቆየን ብዙ ነን። አለቃ ፈንታም አንዱ ነው።

በመጨረሻው ዓመት ሁዳዴ ላይ እንግሊዞች የሱዳን ወታደሮች ይዘው ጎጃምን ዘለቁ፤ ጣሊያን ማርቆስን ለቆ ወደ ዓባይ ሸሸ። እኛ መንገዱ ላይ ጠብቀን ተኮስንበት። ፊታውራሪ እግራቸውን ቆስለው ይጁቤ ላይ ተኙ። እናኑ ከማርቆስ በእግሯ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ሴትዮዋ ስትደርስ መቆም አቅቷት ነበር።

«እንግሊዞቹ ልጄን ከባንዳ ጋር በረት ውስጥ አግተውታል» አለች። «በሽቦ አጥር አይቼዋለሁ። ነገ ለአንድ ቀኛዝማች ያስረክቧቸዋል ይላሉ።»

ቀኛዝማቹን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንድሙን ባንዳ ገድሎበታል። ባንዳ ለእሱ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ማንም ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

ፊታውራሪ አለቃ ፈንታን አስጠሩ። «አለቃ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅነው ቀን ዛሬ ነው። ለእንግሊዙ መኮንን ይንገሩልኝ፤ ታደለ የእኔ ሰው ነው፣ እኔ ነኝ የላክሁት ይበሉልኝ። ሌላ ነገር አያስፈልግም» አሉ። የራሳቸውን በቅሎ ሰጡት። እኔ በእግሬ ተከተልኩ።

ማርቆስ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። መኮንኑ ፀሐይ ከንፈሩን የሰነጠቀው ወጣት ሻምበል ነበር። አስተርጓሚው ከዘማቹ ጦር ጋር ወደ ዓባይ ወርዶ አልተመለሰም። በረቱ ከመኮንኑ ድንኳን ፊት ለፊት ነው። ታደለ የባንዳ ልብስ ለብሶ ሽቦውን ተደግፎ ቆሟል። አለቃን ሲያይ ፊቱ ፈካ፤ እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጠን።

አለቃ ፈንታ በነጠላው አፉን ጠረገ። ሻምበሉ ፊት ቆመና በዚያ ባማረ ድምፁ ጀመረ።

«ፕሮቴክት። ፕሮቴክተር። ፕሮቴክሽን። ፕሮቴክቲቭ። አንፕሮቴክትድ።»

ጭራ ያልያዘ እጁ በየቃሉ ላይ ታች ይላል። ከሾላው ሥር መቶ ጊዜ ያወረድነው ግስ ነው። ሻምበሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ጥቂት ጠበቀ፣ ቀጣይ እንደሌለ ሲያይ የአለቃን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ወደ ዘቦቹ ጥላ ወስዶ አስቀመጠው፤ ብርድ ልብስና አንድ ቆርቆሮ ምግብ አስሰጠው። ኋላ እንግሊዝኛውን ሳውቅ ነገሩ ገባኝ። ሽማግሌው ጥበቃ ፈልጎ የመጣ መስሎታል። ጥበቃም ሰጠው።

«የኔታ፣ ምን አሉት?» አልኩ።

«ነግሬዋለሁ።»

«የታደለን ስም አልሰማሁም እኮ።»

«ታደለ ማነው?»

ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም።

«የመጣንለት ሰው ነዋ። ያውና ቆሟል።»

«ያ የሸማኔ ልጅ?» አለና ቆርቆሮውን አገላበጠ። «ተጸውዖ ስም ከስም ወገን ዝቅተኛው ነው። መኮንን ፊት አይጠራም።»

«እንሂድና በምልክት እናሳየው። በጣታችን ጠቁመን፣ ደረታችንን መትተን፣ የእኛ ነው እንበል።»

«እንደ ዲዳ?» አለኝ። «እኔ?»

«ሰውየው ነገ ይሞታል፣ የኔታ።»

«ነግሬዋለሁ አልኩህ። ነገ ይፈቱታል። ይልቅ ይህን መክፈቻ ሰጥተውኛል፣ ክፈትልኝ።»

ቆርቆሮው ላይ የላም ራስ ተሥሏል። «ጾም ነው እኮ፣ ይህ ሥጋ ይመስለኛል» አልኩት። ሥዕሉን ለአፍታ አየው። «የፋብሪካው ምልክት ነው» አለ።

እኔ ብቻዬን ወደ ሻምበሉ ልሄድ ስል ዘቡ በሰደፉ ገፍቶ መለሰኝ። ስለዚህ በቅሎዋን ፈታሁ።

«ወዴት ትወስዳታለህ?» አለ አለቃ ፈንታ።

«ይጁቤ።»

«እኔስ በምን ልመለስ ነው?»

ኮርቻው ላይ ወጥቼ መንገድ ጀመርኩ።

ፊታውራሪ የነገርኳቸውን ተኝተው ሰሙ። «እግሬን ጠፍራችሁ እሰሩልኝና አንሡኝ» ብቻ አሉ። ጎህ ሲቀድ ማርቆስ ገባን። አለቃ ፈንታ በእንግሊዞቹ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ባዶው ቆርቆሮ ከራስጌው ነው።

ሻምበሉ ፊታውራሪን ከጥቂት ቀን በፊት መንገድ ላይ አግኝቷቸው ስለነበር አወቃቸው፤ በረቱም ተከፈተላቸው። እያነከሱ ገቡና ከታደለ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የኩታቸውን ጫፍ ከታደለ ቀበቶ ጋር አጥብቀው ቋጠሩት። በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ቁራኛ ይባላል። ፊታውራሪ ከሳሽ አልነበሩም። ዋስ ሆነው ነው ራሳቸውን ያቆራኙት። ሻምበሉ አልገባውም፣ ግን አላስወጣቸውም።

ቀኛዝማቹ ሰዎቹን አስከትሎ መጣ።

«እንደምን አደሩ ፊታውራሪ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንደምን አደርክ?»

«ደኅና። ከባንዳ ጋር ምን ይሠራሉ?»

«ዋሱ ነኝ።»

«ባንዳ ዋስ የለውም።»

«ይኸው አለው። የምትወስደው ከሆነ ሁለታችንንም ውሰድ። እግሬ ስለታመመ ግን ታዝሉኛላችሁ።»

ቀኛዝማቹ ቋጠሮውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ። መተርጎም አላስፈለገውም። ሌሎቹን ይዞ ሄደ። በእነዚያ የደረሰውን አውቃለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ረፋድ ላይ አስተርጓሚው አቧራ ለብሶ ደረሰ። ፊታውራሪ ነገሩን አስረዱት። እሱም ወደ ሻምበሉ ዞሮ፣ «ሂ ኢዝ አወር ማን» አለው። የእኛ ሰው ነው ማለት ነው። ሻምበሉ አንዴ ታደለን፣ አንዴ ቋጠሮውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። አለቀ።

አለቃ ፈንታ ነቅቶ ከጎኔ ቆሟል። «የባላገር አነጋገር ነው» አለ ከንፈሩን ሸርመም አድርጎ። «አራት ቃል ተናገረ፣ አንድ ጨዋ የለበትም።»

ፊታውራሪ ሰሙት። ቋጠሮውን ፈቱ፣ ታደለን ተደግፈው ተነሡ፣ ምንሽራቸውን ወደ አለቃ ፈንታ ዘረጉ።

«አንተ፣ ያዝ» አሉት።

ከዚያች ሰዓት በፊት ፊታውራሪ እሱን «እርስዎ» ሳይሉት ውለው አያውቁም። ከዚያች ሰዓት በኋላ ደግመው አላሉትም። እኔም አላልኩትም። ጠብመንጃውን ተቀበለ።

ወደ ይጁቤ ስንመለስ ፊታውራሪ በበቅሎ ናቸው። ታደለ የባንዳውን ኮት ጥሎ የፊታውራሪን ኩታ ለብሶ በቅሎዋን ይስባል። አለቃ ፈንታ ምንሽሩን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። እኔ ከጎኑ ነኝ።

ገበያው አልተበተነም ነበር። ሰዎች ከሩቅ አዩን። ታደለ በሕይወት አለ። አለቃ ፈንታም ጥምጥሙን እንደጠመጠመ የፊታውራሪን ጠብመንጃ በትከሻው ይዟል። የሰው ሁሉ ዐይን በእሱ ላይ አረፈ። አንዱ፣ «በእንግሊዝኛቸው አስፈቱት» አለ። ሌላው ተቀበለው። ሴቶቹ እልል አሉ።

እናኑ ሮጣ ወጣች። ልጇን አገላብጣ ሳመች፣ ፊቱን ዳበሰች፣ ከዚያ እሱን ትታ ወደ ኋላ መጣችና በአለቃ ፈንታ እግር ላይ ወደቀች።

«አፍዎ ይባረክ፣ አለቃ» አለች። «ምን ልክፈልዎ? አፍዎ ይባረክ።»

«እግዚአብሔርን አመስግኚ» አላት።

ነገሩን ልነግራት ስራመድ ታደለ ክንዴን ያዘኝ።

«ተዋት» አለኝ። «ዛሬ ደስ ብሏት ትዋል።»

አለቃ ፈንታ ዐይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ ቆሟል። እናኑ ግራ ጉልበቱን ስማ ወደ ቀኙ ስትዞር፣ እንዲመቻት ጠብመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረው።